የቆጣሪው እርምጃ

ቀያሿ እስከ ሐሙስ ጠዋት መፈረም ነበረባት። የአጣሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። ከላይ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተጽፎበታል፤ «በኮሎኔሉ እጅ ተዘጋጅተው የተረከብናቸው አርባ የፈንጂ ካርታዎች» ይልና ባዶ ይተዋል። ባዶው ላይ «እውነተኛ ናቸው» ወይም «ሐሰተኛ ናቸው» ብሎ መሙላት የእሷ ፋንታ ነው።

«ሌላ ቃል አይቻልም?» አለች።

«ምን ዓይነት ሌላ ቃል?»

«እኔ እንጃ። ገና ለክቼ አልጨረስኩም።»

ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ መነጽራቸውን በክራቫታቸው ጫፍ የመጥረግ ልማድ አላቸው። አሁንም እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ ቃል የሚያማርጥ ሰው ብፈልግ ጠበቃ እጠራ ነበር፤ ጠበቃ ሞልቶ ተርፏል። የጠራሁት ሜትር የሚይዝ ሰው ነው» አሏት።

«እንግዲያው አንድ ነገር ይመዝገብልኝ። ወንድሜ እግሩን ያጣው በእኚህ ሰው ፈንጂ ነው።»

«ታዲያ ያልተነካ ቀያሽ ከየት ላምጣ? ከጨረቃ?» አሉና ወደ ጸሐፊዋ ዞረው «መዝግቢው» አሉ።

ጦርነቱ ካበቃ አሥራ አራት ወሩ ነው። ኮሎኔሉ የተሸነፈው ጦር የመሃንዲስ መኮንን ነበሩ፤ በሰባት ዓመት ውስጥ በወንዙ ዳርና በባቡር ሐዲዱ ግራና ቀኝ ከአራት ሺህ የሚበልጥ ፈንጂ አስቀብረዋል። ጦራቸው ሲሸሽ እሳቸው አልሸሹም። በባዶው የጦር ሰፈር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠበቁና፣ አሸናፊዎቹ ሲገቡ በሸራ የተጠቀለሉ አርባ ካርታዎች አስረከቡ። እያንዳንዱ ፈንጂ ከየትኛው ምልክት፣ በስንት ዲግሪ፣ በስንት እርምጃ እንደተቀበረ በእጅ ጽሕፈታቸው ሰፍሯል። ለዚህ ሥራቸው የገዛ ወገናቸው «ከሃዲ» አላቸው። ያሸነፈው ወገን ደግሞ «ፈንጂ ዘሪ» ሲላቸው ከረመ። ሰውየውን የሚወድ አልተገኘም፤ ካርታዎቻቸውን ያልወደደ ግን አልነበረም።

ከአንድ እስከ ሃያ ሁለት ያሉት ካርታዎች ፈንጂ አምካኞቹን እጃቸውን ይዘው የመሩ ያህል ነበሩ። እርምጃው ወደ ሜትር የሚለወጠው በሰባ አምስት ሳንቲሜትር ተባዝቶ ነው፤ ይህን ቁጥር የሰጡት ኮሎኔሉ ራሳቸው ናቸው። በዚህ ስሌት «እዚህ ጋ» ከተባለ እዚያው ጋ ይገኛል፤ ቢበዛ በጫማ ያህል ፈቀቅ ቢል ነው። ከሃያ ሦስተኛው ካርታ ጀምሮ ግን ነገር ተበላሸ። ፈንጂው አለ በተባለበት ይጠፋል፣ የለም በተባለበት ይገኛል። ሃያ ሰባተኛው ላይ አንድ የሃያ አራት ዓመት አምካኝ፣ በካርታው ስሌት እስከ ዘጠና ሜትር ነጻ በተባለ መሬት ላይ ሲራመድ፣ ሰማንያ አንደኛው ሜትር ላይ ቀኝ እግሩን አጣ። ሬዲዮው በማግስቱ «ሰውየው መርዝ ለውሶ ነው የሰጠን» አለ። በሦስተኛው ቀን ኮሎኔሉ ታሰሩ።

ቀያሿ «ሐሰተኛ ናቸው» ብላ ከፈረመች ኮሎኔሉ ሆን ብለው ሰው በማስጎዳት ይከሰሳሉ፤ ካርታዎቹም ይጣላሉ፤ አምስት መቶ የሚሆኑ የገበሬ ቤተሰቦች መሬታቸው ስንዝር በስንዝር እስኪፈተሽ ስምንት ዓመት ይጠብቃሉ። «እውነተኛ ናቸው» ብላ ከፈረመች ደግሞ አምካኞቹ በእነዚያው ካርታዎች ነገ ይገባሉ። ዛሬ ሰኞ ነው።

ወንድሟ ልብስ ሰፊ ነው። የእግር ማሽኑን በቀረው ግራ እግሩ ብቻ እየረገጠ፣ ከሰፈሩ ሁሉ ቀጥ ያለ ስፌት የሚያወጣ እሱ ነው። ማታ ስትገባ አራት ስፒል በከንፈሩ እንደያዘ ቀና ብሎ አያት።

«እታለም፣ ምን አሉሽ?»

«ፈርሚ አሉኝ።»

«ታዲያ ፈርሚያ! ለእኔ ቢሰጡኝ በሁለት እጄ ነበር የምፈርም። እግሩ ነው እንጂ የጎደለኝ፣ እጅማ ሞልቶኛል።»

«ጋሼ፣ ቀልድ አይደለም።»

«እኔስ መች ቀለድኩ?» ስፒሎቹን አንድ በአንድ ጨርቁ ላይ ሰካና ማሽኑን መርገጥ ቀጠለ። «ካርታዎቹ አንቺ ጋ ናቸው አሉ። እስቲ የእኔን ንገሪኝ።»

ይህን ጥያቄ ስትፈራው ነበር የሰነበተችው። ካርታዎቹ አርብ እለት እጇ ሲገቡ መጀመሪያ የፈለገችው እሱኑ ነበር።

«ዘጠነኛው ካርታ ላይ ነው። ሦስተኛው ረድፍ፣ ከግራ አራተኛው።»

ማሽኑ ቆመ።

«ቦታው ልክ ነው?»

«ልክ ነው። ከሐዲዱ ምልክት ሰማንያ ስድስት እርምጃ ይላል። ጉድጓዱ አሁንም አለ፤ ቅዳሜ ሄጄ ለካሁት። በአራት ጣት ብቻ ነው የሚለየው።»

ወንድሟ ጨርቁን ከመርፌው ሥር አወጣው። «ጽፎታል ማለት ነው» አለ። «እኔ እኮ እንደ ስንዴ የበተነው ይመስለኝ ነበር።»

«አልበተነም። አንድ በአንድ ነው የጻፈው።»

«እንዲህ ከሆነ ይበልጥ ልጠላው ነው ወይስ ልቀንስለት?»

«እሱን እኔ አልለካም።»

«አንቺ ደግሞ! ግድግዳ ትለኪያለሽ፣ ገደል ትለኪያለሽ፣ ሰው የቸገረውን ስትጠየቂ ሜትሬ አይደርስም ትያለሽ» አለና ማሽኑን ረገጠው። ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ያን እለት ግን ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሳቁ አልተሰማትም።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ከሃያ ሦስት እስከ ሃያ ሰባት ባሉት ካርታዎች ላይ የተገኙትን የሠላሳ አንድ ፈንጂዎች ዝርዝር ይዛ ተቀመጠች። ወረቀቱን በሦስት ዓምድ ከፈለችው። ካርታው ያለው ርቀት፣ የተገኘው ርቀት፣ ልዩነቱ። አርባ እርምጃ የተባለው ሠላሳ ሜትር መሆን ሲገባው ሃያ ሰባት ላይ ተገኝቷል። ሰማንያ እርምጃ የተባለው በስድሳ ፈንታ ሃምሳ አራት ላይ። መቶ ሃያው፣ ያ ልጅ የረገጠው፣ በዘጠና ፈንታ ሰማንያ አንድ ላይ።

ሠላሳ አንዱንም ሞልታ ስትጨርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችው። ሊያሳስት የተነሣ ሰው አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደፊት ያደርገው ነበር። ይሄኛው ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን፣ ሁልጊዜ ከመቶ አሥር ገደማ ነው የሚያጥረው። ዲግሪው ደግሞ አንድም ቦታ አልተሳሳተም። ሊዋሽ የተነሣ ሰው ኮምፓሱን እውነት አያናግርም።

የተበላሸው እርምጃው ነበር። ለምን ተበላሸ የሚለውን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ኮሎኔሉ ወደታሰሩበት ሄደች። የድሮው ጦር ሰፈር የዕቃ ግምጃ ቤት ነው፤ በኮሪደሩ ጫፍ ያለችውን የጸሐፊ ክፍል ለእሳቸው ለቀውላቸዋል። በሩ ላይ ያለው ጠባቂ መታወቂያዋን አይቶ ፈገግ አለ።

«ቆጣሪው ጋ ነሽ? ብዙ አትቆዪ፣ መብራት እንዳይቆጥርብሽ።»

ስሙን ያወጡላቸው የገዛ ወታደሮቻቸው ናቸው፤ ሲራመዱ ከንፈራቸው እየቆጠረ ስለሚንቀሳቀስ ነው። ማኅደራቸውን በአውቶቡስ ስትመጣ አንብባዋለች። የግንበኛ ልጅ ናቸው፤ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ጦሩን ተቀላቀሉ። ከጦርነቱ በፊት አሥራ አንድ ድልድይ ሠርተዋል፤ በጦርነቱ ከእነዚያ አራቱን ራሳቸው አፍርሰዋል። ሴቶች ውሃ የሚቀዱበት መንገድ ላይ አልቀብርም ብለው አንድ ማዕረግ ተነጥቀዋል፤ በማግስቱ ግን ከዚያው መንገድ መቶ ሜትር ፈቀቅ ብለው የአንድ መንደር ማሳ ሙሉ ቀብረዋል። በአምስተኛው ዓመት ካርታ ሳይሞሉ የቀበሩ ሁለት የራሳቸውን ወታደሮች ለሁለት ወር አሥረዋል። በዚያው ሰሞን ከበላይ «ለካርታ የሚባክን ጊዜ የለም» የሚል ትእዛዝ ሲመጣ፣ ትእዛዙን ተቀብለው ፈርመው ኪሳቸው ከተቱትና ካርታውን በድብቅ ሁለት ሁለት ቅጂ መሥራት ጀመሩ።

ክፍሉ ውስጥ የብረት አልጋ፣ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አለ። የብርድ ልብሱ ጠርዝ ከአልጋው ብረት ጋር ትይዩ ነው። ስድሳ አራት ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን ናቸው፤ ስትገባ ብድግ አሉ።

«ኮሎኔል፣ በሃያ ሁለተኛውና በሃያ ሦስተኛው ካርታ መካከል ምን ሆኑ?»

«ምንም።»

«አሥራ ዘጠኝ ቀን ክፍተት አለ።»

«ዝናብ ነበር።»

«አልነበረም። የወንዙን ግድብ የዝናብ መዝገብ አይቼዋለሁ።»

ኮሎኔሉ ያኔ ነው አስተካክለው ያዩዋት። «ማን ነው ያስተማረሽ?»

«አስተማሪዬ ሞተዋል። እርምጃዎ ስንት ነው?»

«ሰባ አምስት» አሉ፣ ስማቸውን እንደተጠየቀ ሰው ቶሎ ብለው። «በጦር ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በየሰባ አምስት ሳንቲሜትሩ ገመድ ይዘረጋልን ነበር። ዓይናችንን ታስረን እንሄዳለን። ገመዱን የሳተ ምሳ የለውም። በስድስት ወር ውስጥ አንድም ቀን ምሳ ያላመለጠኝ እኔ ነኝ።»

«ለምን በሜትር አልለካችሁም?»

«ግንባር ላይ የብረት ሜትር ፀሐይ ሲያገኘው ያብረቀርቃል። ሁለት ልጆች ተመተውብኛል። ከዚያ ወዲህ በእርምጃ ብቻ ሆነ፣ እሱም በእኔ እርምጃ። ሌላ ሰው እንዲቆጥር ፈቅጄ አላውቅም።»

«ኮሪደሩ ላይ ሃያ እርምጃ ይራመዱልኝ።»

ጠባቂው ወንበሩን አነሣላቸው። ቀያሿ ሜትሩን በግድግዳው ሥር ዘረጋች። ኮሎኔሉ ተረከዛቸውን ዜሮው ላይ አስተካክለው ጀመሩ፤ ወገባቸው ቀጥ ያለ፣ የጫማቸው ድምፅ እኩል፣ ከንፈራቸው የሚቆጥር። ሃያ ላይ ቆሙ።

«አሥራ ሁለት ሜትር ከአርባ» አለች።

አሥራ አምስት ሜትር መሆን ነበረበት። ኮሎኔሉ ራሳቸው ሊያዩት ጎንበስ አሉ፤ ሲጎነበሱ ግራ እግራቸው አልታጠፈም። እንደ ዱላ ወደ ጎን ወጣ። ቀያሿ ሲራመዱ ያላየችው ያኔ ታያት።

«ሜትሩ አልተሳበም?»

«ብረት ነው፣ ኮሎኔል።»

ግድግዳውን ተደግፈው ቀና አሉ። ጠባቂው ወንበሩን መለሰና ሳይጠየቅ ከኋላቸው አስጠጋላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ጉልበቴን የቦምብ ፍንጣሪ መትቶኝ ነው» አሉ። «ወንዙ ዳር ባለው የውሃ መግፊያ ፓምፕ ቤት፣ ጠረጴዛ ላይ ነው ያወጡልኝ። ሐኪሙ አርባ ቀን ሆስፒታል ትተኛለህ አለኝ። ምክትሌ በር ላይ ቆሟል። እኔ አርባ ቀን ብተኛ እሱ ተተክቶ ፈንጂውን ከመኪና ላይ እየወረወረ ሊዘራው ነው፤ ያለ ካርታ። ሦስት መንደር ነው። ሐኪሙን አንተ ምንም አላየህም አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«አሥራ ዘጠኙን ቀን ድንኳን ውስጥ መራመድ ተለማመድኩ። አየሽ፣ ሰው ሲያነክስ የሚያስታውቅበት ጤነኛው እግሩ ነው፤ ከታመመው ይበልጥ ረጅም ይራመዳል። እኔ ጤነኛውን አሳጠርኩት። ሁለቱ እኩል ሆኑ። ድምፁ እኩል ሆነ። ማንም አላወቀም።» ግራ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ነካ አደረጉ። «እኔም አላወቅኩም። እኩል ከሆነ ልክ ነው አልኩ።»

«አንድ ቀን እንኳ አልለኩትም?»

«ሜትር ይሳሳታል የእኔ እግር አይሳሳትም ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። በምን አፌ ሜትር አምጡ እላለሁ?» አሁን ተቀመጡ። «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው አልሽኝ?»

አላለቻቸውም ነበር። «ሃያ አራት።»

«የትኛው እግር?»

«ቀኝ።»

ቀያሿ «የእርስዎ ጥፋት አይደለም» ልትል አፏ ደርሶ ነበር፤ ልክ ስላልሆነ ተወችው። ኮሎኔሉም የሚጠብቁ አይመስሉም። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው አንድ ጊዜ ጠረጉና ድምፃቸው ተቀየረ።

«የዛሬው እርምጃዬ አይጠቅምሽም፤ አርጅቻለሁ። የምትፈልጊው የያኔውን ነው። ሠላሳ አንደኛውን ካርታ አውጪ። ከውሃ መግፊያው ቤት ማዕዘን እስከ ሲሚንቶው የመብራት ምሰሶ መቶ ስድሳ አራት እርምጃ ብዬ ጽፌአለሁ። ሁለቱም ቆመዋል?»

«ቆመዋል።»

«መንገድ ዳር ናቸው፤ ፈንጂ የለበትም። ሂጂና ለኪ። ከሃያ ሦስት እስከ ሠላሳ አምስት በእሱ ይሠራል። ከሠላሳ ስድስት በኋላ ግን እንዳታምኚው፤ ጉልበቴ አብጦ ነበር። ለዚያ ሌላ ምልክት እንፈልጋለን።»

ልትወጣ ስትል ጠሯት። «ነገ መሬቱ ላይ ትሞክሩታላችሁ አይደል? እኔም እዚያ ልቁም። ለሰብሳቢው ንገሪልኝ።»

ርቀቱን ረቡዕ በማለዳ ለካችው። መቶ አሥር ሜትር ከሰባ። ለመቶ ስድሳ አራት ስታካፍለው ስድሳ ሰባት ሳንቲሜትር ተኩል መጣ። ደግማ ከምሰሶው ወደ ቤቱ ለካችው፤ ያው ነው።

የአምካኞቹ አለቃ ትከሻው ሰፊ አምሳ አለቃ ነው፤ በጦርነቱ ከኮሎኔሉ ተቃራኒ ወገን ነበር። ያን ልጅ ከሰማንያ አንደኛው ሜትር በጀርባው ተሸክሞ ያወጣውም እሱ ነው። ቁጥሩን ስታሳየው ወረቀቱን አልተቀበላትም።

«ይህ ሰውዬ ገና ሌላ እግር ያምረዋል።»

«ቁጥሩን የምሰጥህ እኔ ነኝ፣ እሳቸው አይደሉም።»

«አንቺስ ከየት አመጣሽው? ከምሰሶ! ምሰሶ ፈንጂ ይቀብራል እንዴ?»

«ስማኝ። ሃያ ስምንተኛው ካርታ፣ የመጀመሪያው ረድፍ፣ ሰማንያ እርምጃ። በድሮው ስሌት ስድሳ ሜትር ላይ ነው። በእኔ ስሌት ሃምሳ አራት ላይ። እናንተ እስከ ሃምሳ ፈትሻችሁ ቆማችኋል። አራት ሜትር ነው የቀረው። ሃምሳ አራት ላይ ካላገኘኸው ካርታውን አብረን እናቃጥለዋለን።»

አምሳ አለቃው መሬቱን አየ፣ እሷን አየ። «እኔው እገባለሁ» አለ። «ልጆቼን በሒሳብ አልሞክርም።»

ኮሎኔሉ በጠባቂ ታጅበው የመጡት ያኔ ነው። ከመኪናው ወርደው በቀጥታ ወደ አምሳ አለቃው ሄዱ።

«ከኋላህ ልምጣ።»

«አንተ ሕጉን አታውቅም? ሁለት ሰው አይገባም።»

«አውቀዋለሁ። ሕጉ ሃያ አምስት ሜትር ይላል። ሃያ አምስት ሜትር ላይ ልቁም።»

«ሌላው ሰው ሁሉ መቶ ላይ ነው የሚቆመው።»

«ሌላው ሰው አልቀበረውም።»

አምሳ አለቃው ወደ መኪናው በእጁ አመለከተ። «የመከላከያ ሰደርያ ስጡት» አለ፣ ወደ ልጆቹ ሳይዞር። «በእኔ ስም የሚሞት ሰው አልፈልግም።»

አምሳ አለቃው በሆዱ ተኝቶ፣ መፈተሻ ዘንጉን በሠላሳ ዲግሪ እያዘነበለ፣ ሁለት ሁለት ጣት እያለ ሄደ። ኮሎኔሉ ሃያ አምስት ሜትሩን በሚያመለክተው ነጭ ካስማ አጠገብ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ቀያሿ መቶ ሜትር ላይ ሆና ሰዓቷን ትመለከታለች። ሃምሳ ሁለት ሜትር ላይ ሲደርስ ሃያ ደቂቃ ሆኗል። ሃምሳ ሦስት ላይ ሠላሳ አንድ። ኮሎኔሉ አልተነቃነቁም፤ ሸሚዛቸው ግን ከሰደርያው ሥር ወገባቸው ላይ ተጣብቆ ነበር፤ ፀሐዩ ገና ያን ያህል አልበረታም።

በአርባ ሦስተኛው ደቂቃ አምሳ አለቃው ቆመ። ዘንጉን አስቀምጦ በጣቱ አፈሩን ቀስ ብሎ ጠረገ። ከዚያ ግራ እጁን አነሣ።

ፈንጂው ሃምሳ ሦስት ሜትር ከዘጠና አራት ላይ ነበር። ከስሌቱ የሚለየው በስድስት ሳንቲሜትር ነው። ቀጣዩ በስምንት ተለየ። ሦስተኛው በሦስት። ቀትር ሲሆን አራት ተፈልገው አራት ተገኝተዋል።

አምሳ አለቃው አፈሩን ከክርኑ እያራገፈ ወጣና ኮሎኔሉ ፊት ቆመ። «ልጁን ጀርባዬ ላይ አድርጌ ሳወጣው እናቱን እየጠራ ነበር» አለ።

«ሰምቻለሁ።»

«ምን ልትለኝ ነው?»

«ልልህ የምችለው የለም። ልሠራልህ የምችለው ግን አለ፤ አምስት ካርታ ይቀራል።»

አምሳ አለቃው ውሃውን ከመኪናው አውጥቶ ጠጣና ጀሪካኑን ሳይከድን ኮሎኔሉ አጠገብ አስቀምጦት ሄደ።

ማታ ለወንድሟ ሁሉንም ነገረችው፤ ጉልበቱን፣ ድንኳኑን፣ ሃያ አምስት ሜትሩን። ጨርቁን እየለካ ሰማትና በመጨረሻ፣ «ጉልበቱ የማይታጠፍ ሰው ሱሪው ከኋላ ሰፋ ማለት አለበት» አለ። «አለዚያ ሲቀመጥ ይይዘዋል።»

ሐሙስ ጠዋት የኮሚቴው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ገበሬዎቹ በግድግዳው ዙሪያ ቆመዋል፣ አምካኞቹ ኋላ ተቀምጠዋል፣ ኮሎኔሉ በጠባቂያቸው አጠገብ። ቀያሿ የሞላችውን አነበበች፤ «እውነተኛ ናቸው። ሆኖም ከሃያ ሦስት እስከ ሠላሳ አምስት ባሉት ላይ አንዱ እርምጃ ስድሳ ሰባት ተኩል ሳንቲሜትር ሆኖ ይሰላ። የደረሰው ጉዳት እርምጃውን ወደ ሜትር ሲለውጡ በተፈጠረ ስህተት ነው።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ስትጽፍ ብዙ አስባበት ነበር። ማንም የማይከሰስበት ዓረፍተ ነገር ነው። ሰብሳቢው ሲሰሙት እፎይ አሉ፤ እስክሪብቶውን አቀበሏት።

«ይሰረዝ» አሉ ኮሎኔሉ።

«ምኑ?»

«የመጨረሻው። ልጆቹ በሰባ አምስት ያባዙት ሰባ አምስት ነው ስላልኳቸው ነው። መለወጡ ላይ የተሳሳተ የለም። ተሳስቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ መለካት እየቻልኩ ያልለካሁትም እኔ ነኝ።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «ኮሎኔል፣ ይህን ካስመዘገቡ በቸልተኝነት የሰው አካል በማጉደል ላስከስስዎት ነው። ሦስት ዓመት ያስቀጣል። ልጅቷ መውጫ ከፍታልዎት ነበር እኮ!»

«አይቻታለሁ፤ እግዜር ይስጣት» አሉና ወደ ቀያሿ ዞሩ። «ግን ልጄ፣ እስቲ አስቢው። ስህተት ተፈጥሯል ብለሽ ብትተዪው፣ ነገ አንዱ ስድሳ ሰባት ተኩሉን ይዞ ሠላሳ ስድስተኛው ላይ ይገባል። ከእኔ ጉልበት የመጣ መሆኑ ካልተጻፈ፣ ጉልበቴ ሲያብጥ እንደሚለወጥ በምን ያውቃል?»

ቀያሿ ወረቀቱን መልሳ ወደ ራሷ ሳበችው። አንድ ሰው ላድን ብላ አምስት ካርታ ሙሉ ሰው ልታስረግጥ ነበር፤ እሷ፣ ግድግዳና ገደል ለክታ የማትጠግበው። ዓረፍተ ነገሩን በማስመሪያ ሰረዘችውና ከበላዩ ጻፈች፤ «ኮሎኔሉ ቆስለው እርምጃቸው ማጠሩን ሳይለኩ ጽፈዋል። ስህተቱ የእሳቸው ነው። ከሠላሳ ስድስት እስከ አርባ ያሉት፣ እሳቸው በተገኙበት ሌላ ምልክት ተለክቶ እስኪታረሙ ማንም እንዳይገባባቸው።» ጮክ ብላ አነበበችው። ኮሎኔሉ እያንዳንዱን ቃል ራሳቸውን ነቅነቅ እያደረጉ ተቀበሉት። ፈረመች።

«እንግዲህ» አሉ ሰብሳቢው በደከመ ድምፅ፣ «ተከሳሹ ክሱ እስኪታይ ድረስ...»

«ሠላሳ ስድስተኛው ላይ ምልክትህ ምንድነው?» የሚል ድምፅ ከኋላ አቋረጣቸው። አምሳ አለቃው ተነሥቶ ቆሟል።

ኮሎኔሉ ዘወር አሉ። «ወንዙ መታጠፊያ ላይ ያለው ትልቁ ዛፍ።»

«ለማገዶ ቆርጠውታል።»

«ጉቶውስ?»

«ጉቶው አለ።»

«ከጉቶው እስከ ድልድዩ እግር ሁለት መቶ አሥራ ስምንት እርምጃ ነው።»

«ዝም በሉ እንጂ! ስብሰባው አላለቀም!» አሉ ሰብሳቢው ጠረጴዛውን እየመቱ፤ አምሳ አለቃው ግን ወንበር እያዘዋወረ ወደፊት መጥቶ፣ ቀያሿ ካርታውን የምትዘረጋበት ቦታ እንድታገኝ የሰብሳቢውን የውሃ ብርጭቆ ወደ ዳር እየገፋ ነበር።